ምዕራፍ 7፦ የመጀመሪያው ወንፊት

ለንደን የሚኖሩ አንዲት የ61 ዓመት እናት እናስብ። ሰሞኑን ከደረታቸው ዝቅ ብሎ ያቃጥላቸዋል። «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላሉ፤ አገር ቤት ሳሉም ያቃጠላቸው ሁሉ ጨጓራ ነበር። በርበሬ ተዉ፣ ተልባ በጥብጠው ጠጡ፣ አልተዋቸውም። በመጨረሻ ልጃቸው ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ለሠፈራቸው ሐኪም ቤት ደወለ። በዚያ ሰዓት ሠፈርተኛው ሁሉ ስለሚደውል ብዙ ጠበቁ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ሰላምታ ሰጥታ ወዲያው አንድ ጥያቄ አስከተለች።

«እማዬ፣ ሐኪም የፈለግሽው ለምን እንደሆነ እየጠየቀችኝ ነው» አለ ልጁ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ።

«እሷ ዶክተር ናት? ምን አገባት? አሟታል በላት፣ በቃ።»

ልጁ «ሆዷን ያማታል» ብሎ በእንግሊዝኛ ነገራት። ሴትየዋ ሁለት ሦስት ነገር ጠይቃ፣ መጀመሪያ ፋርማሲ ሄደው እንዲያማክሩ፣ ካልተሻላቸው ግን መልሰው እንዲደውሉ ነገረችው።

እናት ፊታቸውን አዞሩ። «አላልኩህም? በር ዘጉብን።»

በሩ ግን አልተዘጋም። በዚያ አጭር ንግግር ውስጥ የሆነውን ለመረዳት ሕክምና የቆመበትን አንድ ሐሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ አንድ ሐሳብ ነው፤ እኔ ወንፊት ብዬዋለሁ።

ከ1,000 ሰው ስንቱ?

እ.ኤ.አ. በ1961 ኬር ዋይት የተባለ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ 1,000 አዋቂ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ምን ይደርስባቸዋል? ከአሜሪካና ከብሪታንያ የተሰበሰበ መረጃ ይዘው እንዲህ ሲሉ አሰሉት። 750ዎቹ ያማቸዋል ወይም ጉዳት ያገኛቸዋል። 250ዎቹ ሐኪም ያያሉ። 9ኙ ሆስፒታል ይተኛሉ። 5ቱ ወደ ሌላ ሐኪም ይላካሉ። ወደ ትልቁ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚላከው 1 ሰው ብቻ ነው።

ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እናንብባቸው። ካመማቸው 750 ሰዎች 500ዎቹ ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ ወሩ አልፏል። የአንዱን ራስ ምታት እንቅልፍ ወስዶታል፣ የሌላውን ጉንፋን ዝንጅብልና ጊዜ አሽረውታል። ሐኪም ካዩት 250 መካከልም አብዛኞቹ ጉዳያቸው እዚያው ሠፈራቸው ውስጥ አልቋል። የሕክምና ተማሪ ግን በዚያ ዘመን የሚማረው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ያንን 1 ሰው እያየ ነበር። ዋይትን ያሳሰበው ይህ ነው። ሐኪሙ የሚያድገው ከሺህ አንዱን ሲመለከት ነው፤ የቀሩት 999 ታሪካቸው ከዓይኑ ውጭ ነው።

ዱቄት ነፍቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ማንም ሰው ከወፍጮ የመጣውን ሁሉ በቀጥታ በሻሽ አይነፋም። መጀመሪያ ዓይኑ ሰፋ ያለ ወንፊት ይቀድማል፤ ብዙውን በፍጥነት ያሳልፋል፣ ጥቂቱን ያስቀራል። ጠባቡ ሻሽ የሚመጣው ኋላ ነው፤ ከፊት ቢቀድም ኖሮ ይደፈን ነበር፣ ቀኑም በአንድ ቁና ዱቄት ላይ ይመሽ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ያ ሰፊ ወንፊት የሠፈሩ ሐኪም ቤት ነው። የእኛ ሰዎች እዚያ «ጂፒ» ይሉታል፤ ጠቅላላ ሐኪም ማለት ነው። ኤን ኤች ኤስ የተባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሥራ ሲጀምር ጂፒው ወደ ሆስፒታል የሚያስገባ በር ሆኖ ተተከለ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የልብ፣ የነርቭ ወይም የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ የሚደርሰው ጂፒው ሪፈር የጻፈለት ነው። ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል እያለ የሚወጣው የኢትዮጵያ መሰላል የተሠራው በዚሁ ስሌት ነው፤ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር ይዞ ጥቁር አንበሳ የሄደ ሰው በዚህ ወንፊት አልፏል።

ወንፊቱ የውጤቱን ትርጉም ይለውጣል

ብዙ ሰው ወንፊቱን የሚያየው እንደ ወረፋ ማሳጠሪያ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ፣ ድሃውን ከትልቁ ሐኪም ለማራቅ የተዘረጋ አጥር ይመስለዋል። ወረፋ ማሳጠሩ እውነት ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ሒሳብ ነው።

በምዕራፍ 3 ስለ ላቦራቶሪ ውጤት ስናነሣ አንድ የማይመች እውነት አይተናል። «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ትርጉሙ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ አያልቅም፤ ከፊሉ ያለው ወረቀቱን የያዘው ሰው የመጣው ከየትኞቹ ሰዎች መካከል ነው በሚለው ላይ ነው። እዚህ እንጠቀምበት። ለምሳሌ ያህል አንድ ምርመራ ከ10 በሽተኞች 9ኙን ይይዛል፣ ከ10 ጤነኞች ደግሞ 1ዱን በስሕተት «በሽተኛ ነህ» ይላል እንበል።

ይህን ምርመራ ከመንገድ ላይ ለተገኙ 1,000 ሰዎች ብንሰጥና ከእነርሱ መካከል በእርግጥ የታመሙት 10 ቢሆኑ፣ ምርመራው 9ኙን ያገኛል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 99ኙን በስሕተት ይከሳል። በድምሩ 108 ሰው ደንግጦ ይወጣል፤ የእውነት የታመሙት 9 ናቸው። ከ12 የደነገጡ ሰዎች 11ዱ በከንቱ ነው የደነገጡት።

አሁን መጀመሪያ አንድ ጠቅላላ ሐኪም 1,000 ሰዎችን ጠይቆና ዳስሶ መርጦ ላከ እንበል፤ ከመረጣቸው ውስጥ የታመሙት 300 ናቸው። ያው ምርመራ 270 በሽተኞችን ያገኛል፣ ከ700ዎቹ ጤነኞች 70ውን ይሳሳታል። አሁን «ፖዘቲቭ» ከተባሉት 340 ሰዎች 270ው በእርግጥ ታመዋል፤ ከ5 ሰው 4ቱ ማለት ነው። መሣሪያው አልተለወጠም፣ የስፔሻሊስቱም ዕውቀት ያው ነው። የተለወጠው በሩ ላይ የቆመው ሰው የጠየቀው ጥያቄ ነው።

«ገንዘብ ስላለኝ በቀጥታ ትልቁ ጋ እሄዳለሁ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ያተረፈ አይምሰለው የምለው ለዚህ ነው። ወንፊቱን ዘልሎ ሄዶ «ፖዘቲቭ» የተባለ ሰው ከነዚያ 99ኙ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ ተጨማሪ ምርመራ ይመጣል፣ ቀጥሎ የማያስፈልግ መድኃኒት፣ አንዳንዴም የማያስፈልግ ቢላዋ።

ካርዱ ሳይታመሙ ይወጣል

አገር ቤት ካርድ የምናወጣው የታመምን ዕለት ነው። በእንግሊዝ ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጤነኛ ሳሉ፣ ሠፈሩን በያዙ ሰሞን ጂፒ ይመዘገባሉ። ምዝገባው በነፃ ነው። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የአድራሻ ማስረጃ የግድ አያስፈልግም፤ የኤን ኤች ኤስ የራሱ መመሪያ ይህን በግልጽ ይላል። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ሰዎች ይህን ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፋሉ። እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ድምፅ ሳያሰሙ የሚሠሩት በእነዚያ ዓመታት ነው። ሐኪም ቤቱ አልመዘግብም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። «ፓስፖርት የለህም» የሚለው ምክንያት አይሆንም።

ስልኩን የምታነሣው ሴት

እናታችን «ምን አገባት?» ያሉት ከልባቸው ነው። ሕመምን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ይመስላል፤ ገመና ነው። ነገር ግን ያቺ ሴት የወንፊቱ የመጀመሪያ ዓይን ናት። ሥራዋ በሽታ ማወቅ አይደለም፣ መንገድ ማሳየት ነው።

መርካቶን የማያውቅ ሰው እናስብ። ቁልፍ ፈልጎ ሽንኩርት ተራ ቢገባ ግማሽ ቀን ይዞራል። በሩ ላይ የቆመ የሠፈሩ ልጅ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲለው «አንተ ምን አገባህ» ካለው ራሱን ነው የሚጎዳው። በሐኪም ቤቱም ብዙ ተራ አለ። ቁስል የምታጥብና ግፊት የምትለካ ነርስ አለች፣ መድኃኒት የሚከልስ ፋርማሲስት አለ፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት አለ፣ ሐኪሙም አለ። በእንግሊዝ ከጥር 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሠፈር ፋርማሲስት ለ7 ቀላል ሕመሞች፣ ለጉሮሮ ሕመም፣ ለልጆች የጆሮ ሕመም፣ ለአልማዝ ባለጭራና ከ65 ዓመት በታች ላሉ ሴቶች ላልተወሳሰበ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጭምር፣ ያለ ጂፒ ማዘዣ መድኃኒት መስጠት ይችላል። ስለዚህ «ፋርማሲ ሂዱ» የሚለው ቃል ማባረሪያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን መፍትሔ የሚገኝበት ተራ ነው።

ሴትየዋ የሰማችውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። በጣም የግል ጉዳይ ከሆነ ያንኑ ብቻ መናገር ይበቃል፦ «የግል ጉዳይ ነው፣ ለሐኪም ነው የምነግረው፤ ሴት ሐኪም ብትሆን እመርጣለሁ።» ያ ራሱ መንገድ ያሳያታል።

አማርኛው ውስጥ ያለው መረጃ

አማርኛ ስለ ሕመም የሚናገረው ብዙ አለው። ውጋት ሌላ፣ ቁርጠት ሌላ፣ ቁርጥማት ሌላ፣ ቃር ሌላ፣ ጥዝጣዜ ሌላ ነው። አንድ ሐኪም በብዙ ጥያቄ የሚያወጣው መረጃ አንዳንዴ በአንዱ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። «ቁርጠት» ያለች ሴት መጥቶ ጭብጥ አድርጎ የሚለቅ ሕመም እንዳላት ነግራናለች። «ውጋት» ያለው ሰው ሕመሙ ስለታም መሆኑን፣ ምናልባትም ሲተነፍስ እንደሚብስበት ነግሮናል። እነዚህ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ አንድ «ፔይን» ከሆኑ ወንፊቱ የሚነፋው ነገር አጣ።

በሌላ በኩል ባሕር የማይሻገሩ ቃላት አሉን። ምች መታኝ ብንል ለንደን ውስጥ የሚረዳን ሐኪም ማግኘት ይከብዳል። «ጨጓራ» ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ቃሉ ይሻገራል፣ ግን የሕመም ስም ሆኖ ሳይሆን የደረሰ ፍርድ ሆኖ ይሻገራል። ለሐኪም ፍርድ አይወሰድለትም፤ የሚወሰድለት ማስረጃ ነው። የት ነው? መቼ ጀመረ? ምን ሲያደርጉ ይመጣል? ምን ሲያደርጉ ይተዋል? ከእርሱ ጋር ሌላ ምን አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው በሽታውን ባያውቀውም ሥራውን ጨርሷል።

የአስተዳደጋችን ጨዋነትም አንዳንዴ ያሰናክለናል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። እርሱም እንደሰማው ይጽፈዋል። ትልቁን ነገር ደግሞ ለመጨረሻ እናስቀምጥና እጃችን የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ደግሞ...» እንላለን። ቀጠሮው አጭር ነው። ትልቁ ነገር ይቅደም።

ስለ አስተርጓሚ አጥብቄ እናገራለሁ። ሐኪም ቤቱ ሙያ ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚያገናኙት። ስልኩ ሲነሣ የመጀመሪያው ቃል «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ቢሆን በቂ ነው። ልጅን በአስተርጓሚነት ማቆም የለመድነው ነገር ነው፣ ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። ልጁ የሕክምና ቃል ስለማያውቅ ያሳጥራል። እናት ደግሞ ልጄ ይደነግጣል ብላ ትደብቃለች።

ወንፊት የማይጠብቁ ሕመሞች

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ጊዜው ራሱ አጭር ነውና። ሲቀመጡም የማይተው የደረት ሕመም፣ የፊት አንድ ጎን መውደቅ፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳትና መንፈራገጥ፦ እነዚህ ሲመጡ ጂፒ አይደወልም። በብሪታንያ 999 ነው። በስትሮክ ጊዜ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ተኝቼ ልየው ያለ ሰው ይህ ጊዜ በእንቅልፍ ያልፈዋል። አዲስ አበባ ለሚያነብ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

አስቸኳይ መሆኑን መለየት ያቃተው ሰው በእንግሊዝ 111 ይደውላል። ሌሊትም እሑድም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያገናኛል። ይህም ራሱ ወንፊት ነው፤ በስልክ የሚነፋ።

ዳግም መንፋት

«ካልተሻለዎት ተመልሰው ይምጡ።» ከሐኪም ቤት ከሚሰማ ቃል ሁሉ ይህን የሚያህል በክፉ የሚተረጎም የለም። ሸኘኝ፣ ናቀኝ ይባላል። እስቲ ወደ 1,000ዎቹ ሰዎች እንመለስ። አብዛኛው ሕመም በጥቂት ቀናት ይተዋል፤ ከባዱ ግን አይተውም፣ ወይም መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ጊዜ ራሱ ምርመራ ነው፣ ያውም መርፌም ጨረርም የሌለው። ሐኪሙ «ተመለሱ» ሲል ያንን ምርመራ አዟል፤ ውጤቱን ማምጣት ግን የታማሚው ድርሻ ነው። ይሉኝታ ይዞት ያልተመለሰ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱን መንገድ ላይ ጥሎ እንደገባ ይቆጠራል።

ወንፊት ስሕተትም አለው። ማለፍ የሚገባውን አንዳንዴ ያስቀራል። ጄሲካ ብሬዲ የተባለች የ27 ዓመት ወጣት በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በካንሰር አረፈች፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሐኪም ቤቷን ከ20 ጊዜ በላይ አነጋግራ ነበር። ወላጆቿ ዝም አላሉም። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. «የጄስ ደንብ» በስሟ ታወጀ፤ አንድ ሰው በአንድ ዓይነት ምልክት 3 ጊዜ መጥቶ መልስ ካልተገኘ ወይም እየባሰበት ከሄደ ሐኪሙ ጉዳዩን ከሥሩ እንደ አዲስ እንዲያስብ ይጠይቃል። ለሦስተኛ ጊዜ የሚሄድ ሰው «ይህ ሦስተኛዬ ነው» ብሎ ቢጀምር መብቱ ነው፣ ድፍረትም አይደለም።

ወንፊቱን የሚያጠራው ሌላው ነገር ትውውቅ ነው። በኖርዌይ ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ጥናት አለ። ከአንድ ጂፒ ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች 1 ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ ሆስፒታል የመተኛትም ሆነ የመሞት ዕድላቸው በአራተኛ እጅ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የትውውቁ ውጤት ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ነፍስ አባት ያለው ቤተሰብ የሚደነቅበት አይመስለኝም። የቤቱን ሰው ሁሉ ከክርስትና እስከ ጋብቻ የሚያውቅ አባት አንዲት ሴት ዝም ስትል ዝምታዋ የዛሬ መሆኑን ይለያል። ለበዓል የመጣ እንግዳ ካህን ምንም ቢማር ያን አያውቅም። በጂፒውም ቤት «ባለፈው ያየኝን ሐኪም» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ቀጠሮው ጥቂት ቀን ቢዘገይም ለቆየ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል።

ሐሙስ ጠዋት

እናታችን ከፋርማሲ ያመጡትን ለአንድ ሳምንት ወሰዱ፤ አልተዋቸውም። ሐሙስ ጠዋት ራሳቸው ደወሉ፣ ልጃቸው የሰጣቸውን ሦስት ቃል ብቻ ይዘው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ።» ጥቂት ከጠበቁ በኋላ በመስመሩ ላይ የአንዲት ሴት አማርኛ ተሰማ።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የሚያምዎት የት ላይ ነው?»

«ደረቴና ሆዴ መሐል። ያቃጥለኛል።»

«መቼ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ደረጃ ስወጣ። ዕቃ ይዤ ስሄድ። ቆም ስል ይተወኛል።»

«አሁን አለ?»

«አሁንስ የለም። የመጨረሻው እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣሁም።»

በመስመሩ ላይ እንግሊዝኛ ተወራ። ከዚያ አስተርጓሚዋ ተመለሰች። «ተቀምጠው ሳሉ ከመጣብዎት ወይም ቆመው ካልተወዎት 999 ይደውሉ ብላለች። ዛሬውኑ ሐኪም ይደውልልዎታል። ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

እናት ዝም አሉ። ልጃቸው ሥራ ሄዷል፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

«ግራ እጄም ይደነዝዘኛል። ልጄ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት።»

ይህም ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ፤ ያቺ ሴትም ጻፈችው። እኩለ ቀን ሳይሆን ሐኪሙ ራሱ ደወለ፣ ጨጓራ የሚለውን ቃል ሳያነሣ ስለ ልባቸው መጠየቅ ጀመረ።